ለዲፓቫሊ የትኛውን ጣፋጭ እንሥራ? አዲራሰም፣ ማይሶር ፓክ፣ ባዱሻ ወይስ ራቫ ላዱ

በደቡብ ሕንዷ ግዛት በታሚል ናዱ፣ ዲፓቫሊ የሚባለው የሂንዱዎች የብርሃን በዓል የሚጀምረው ገና ሳይነጋ ነው። የቤቱ ሰው በሙሉ የሰሊጥ ዘይት ተቀብቶ ገላውን ይታጠባል፣ አዲስ ልብስ ይለብሳል፣ ከዝንጅብልና ከቅመማ ቅመም የተሠራውን ሌጊያም የሚባል ጥቁር መድኃኒት በባዶ ሆዱ አንድ ማንኪያ ይልሳል። ጣፋጩ የሚቀርበው ከዚያ በኋላ ነው። በዓሉ የሚውለው አይፓሲ በሚባለው የታሚል ወር ሲሆን በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት ላይ ወይም ኅዳር ሲገባ ይሆናል። ጎሕ ሳይቀድ ስለሚበላ ጣፋጩ በዋዜማው ተሠርቶ ማለቅ አለበት፤ የምርጫው ጭንቀትም ከዚህ ይመጣል። ብዙ ሰው የሚመርጠው የሚወደውን ጣዕም አስቦ ነው። እኛ ግን መጀመሪያ የቀረውን ቀን ቁጠሩ፣ ቀጥሎ ሽሮፕ ላይ ያላችሁን እጅ መዝኑ እንላለን። ከአራቱ ሦስቱ በሽሮፕ የሚሠሩ ናቸውና።

ሁለት ነገሮች ግን ምርጫውን አስቀድመው ሊወስኑት ይችላሉ። ቤቱ በዲፓቫሊ ሰሞን የሚያዘውን የኬዳራ ጎውሪ ጾም የሚጠብቅ ከሆነ አዲራሰም ግዴታ ነው፤ በልማዱ 21 አዲራሰም ተቆጥሮ ለአምልኮ ይቀርባል፣ ሌላው ጣፋጭ ተጨማሪ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ለአምላክ የሚቀርብ ምግብ ሳይቀርብ በፊት አይቀመስም። ጨው በዛ፣ ስኳር አነሰ ብሎ በማንኪያ መሞከር የለም። የምታውቁት በዓይን፣ በሽታ፣ በድምፅና በጣት ብቻ ነው። ስለዚህ ቀምሶ የማስተካከል ልማድ ያለው ሰው መጠኑን አስቀድሞ መስፈር አለበት።

ሽሮፑን በጣት ማንበብ

የደቡብ ሕንድ ጣፋጭ ሠሪ ሽሮፕን የሚለካው በክር ነው። ከድስቱ በእንጨት ማንኪያ ጥቂት ቅዱና ለአፍታ በረድ እስኪል ጠብቁ፤ ትኩስ ሽሮፕ ከፈላ ውኃ የባሰ ያቃጥላል። በአመልካች ጣታችሁ ነክታችሁ በአውራ ጣት ተጫኑትና ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። እያጣበቀ ምንም ክር ካልሳበ ገና ግማሽ ክር ላይ ነው፤ ይህ የባዱሻ ነው። አንድ ቀጭን ክር ተዘርግቶ ሳይበጠስ ለአፍታ ከቆየ አንድ ክር ደርሷል፤ ይህ የማይሶር ፓክ ነው። ለአዲራሰም ክሩን አልፎ መሄድ ያስፈልጋል። በጎድጓዳ ሳህን ቀዝቃዛ ውኃ ያዙና አንድ ጠብታ ጣሉበት። ውኃው ውስጥ ከተበተነ አልደረሰም። በጣት ሲሰበስቡት ለስላሳ ኳስ ሆኖ፣ ከውኃው ሲወጣ መዳፍ ላይ ትንሽ ጠፍጠፍ ካለ ልክ ነው። ሳህኑ ላይ ሲጥሉት እንደ ጠጠር ኳ ካለ አልፏል።

ቴርሞሜትር ያለው ሰው አንድ ክርን 105 ዲግሪ፣ ለስላሳ ኳስን 115 ዲግሪ ብሎ ሊጽፈው ይችላል፤ ቁጥሮቹ ግን ቼናይን ለመሰለ የባሕር ዳርቻ ከተማ ናቸው። አዲስ አበባ ላይ ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ እዚያው ከተማ 115 ዲግሪ የጠበቀ ሰው ያገኘው ለስላሳ ኳስ ሳይሆን ድንጋይ ነው። ለማንኛውም ከተማ የሚሠራው ዘዴ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ንጹሕ ውኃ አፍልታችሁ ለኩ፤ ለአንድ ክር 5፣ ለለስላሳ ኳስ ከ13 እስከ 15 ዲግሪ ጨምሩበት። የመጥበሻ ዘይቱንም ከፍታ ላይ ጥቂት ቀዝቀዝ አድርጉት፤ ያለዚያ መሐሉ ሳይበስል ውጩ ይጠቁራል።

ስለ ግብዓቶቹ

አማርኛ ተናጋሪ ወጥ ቤት ውስጥ ሦስት ነገሮች በስም ተመሳስለው ያሳስታሉ። ለማይሶር ፓክ የሚያስፈልገው የሽምብራ ዱቄት ከጥሬ ክክ የተፈጨ ነው። ሽሮ አይሆንም፤ ነጭ ሽሮም ቢሆን ሽምብራው ተቆልቷል፣ ሽታውም ሌላ ነው። ንጥር ቅቤ ስንል ምንም ቅመም ያልገባበት ማለታችን ነው። ኮሰረትና አብሽ የገባበት የወጥ ቅቤ ጣፋጩን ያበላሸዋል። ለጋ ቅቤ በዝግታ አንጥራችሁ፣ ከሥሩ ያለው ዝቃጭ ወርቃማ ሲሆን አጥልሉት። ሦስተኛው ሄል ነው፤ ኮረሪማ አይተካውም፣ ሽታው ከባድ ነው።

ጃገሪ ለአዲራሰም የግድ ነው፤ የሸንኮራ አገዳ ጭማቂ ሳይጣራ ተፈልቶ የረጋ ቡናማ ስኳር ነው። በቁራጭ ይሸጣል፤ በባሕረ ሰላጤው ከተሞች ባሉ የሕንድ ሱቆች እንደ ልብ ይገኛል። ጠቆር ያለውን ምረጡ፤ ጣዕሙ ይበልጣል። ውስጡ አሸዋና የአገዳ ጭራሮ ስለማይጠፋ ሁልጊዜ በውኃ አሟሙታችሁ አጥልሉት። ጃገሪ ካላገኛችሁ አዲራሰምን ዘንድሮ ተዉት። በነጭ ስኳር የተሠራው ደርቆ ይሰበራል እንጂ አይታኘክም።

አዲራሰም፦ ቢያንስ ሦስት ቀን ላለው

ከአራቱ ጥንታዊ መልክ ያለው ይህ ነው። በካርናታካ ከጃያ፣ በቴሉጉ አገር አሪሰሉ እየተባለ የሚሠራውም የቅርብ ዘመዱ ነው። የሩዝ ዱቄትና ጃገሪ ብቻ ነው ብትሉ ትክክል ናችሁ፤ ነገር ግን ሁለት ግብዓት ብቻ ስለሆነ ስሕተት የሚደበቅበት ቦታ የለውም።

500 ግራም ጥሬ ነጭ ሩዝ እጠቡና ለ2 ሰዓት ዘፍዝፉ። ቀድሞ የተቀቀለ ሩዝ አይሆንም። ውኃውን አጥልላችሁ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ጥላ ውስጥ አስጡት፤ ፀሐይ አይንካው። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በኋላ እፍኝ ሩዝ ስትጨብጡ መዳፋችሁ ላይ ጥቂት ፍሬ ተጣብቆ ይቀራል፣ ውኃ ግን አያረጥባችሁም። በዚያን ጊዜ ፈጭታችሁ በደቃቅ ወንፊት ንፉት። ዱቄቱን ጨብጣችሁ ስትለቁት ቅርጹን ይዞ ይቆያል፣ በጣት ሲነካ ይፈርሳል። የአዲራሰም ነፍስ ያለችው እዚህ እርጥበት ላይ ነው። ርጥብ ዱቄት ትኩሱን ሽሮፕ እኩል ይጠጣና ከሙቀቱ በከፊል ይበስላል፤ ሊጡን የሚያያይዘው ያ ነው። ከሱቅ የተገዛው ደረቅ የሩዝ ዱቄት ሽሮፑን እዚህም እዚያም ስለሚመጥ ሊጡ ዘይት ውስጥ ይሰነጠቃል። የሚቀልል መስሏችሁ ደረቁን አትግዙ።

400 ግራም ጃገሪ በ100 ሚሊ ሊትር ውኃ አሟሙታችሁ አጥልሉና መልሳችሁ ጣዱ። ሲፈላ አረፋው ከፍ ይላል፣ ከዚያ አረፋው እየወፈረ ይመጣል፤ የውኃውን ሙከራ በየግማሽ ደቂቃው አድርጉ። ለስላሳ ኳሱን እንዳገኛችሁ እሳቱን አጥፉ፤ የስድስት ሄል ዱቄትና አንድ የሻይ ማንኪያ የደረቀ ዝንጅብል ጨምሩ። ከዱቄቱ አንድ እፍኝ አስቀርታችሁ ሌላውን በትልቅ ሳህን አድርጉ፣ ሽሮፑንም ጥቂት በጥቂት እያፈሰሳችሁ በእንጨት ማማሰያ አማስሉ። ሲያልቅ ሊጡ እንደ ወፍራም ገንፎ ልል ይመስላል። በዚህ ጊዜ ደንግጣችሁ የቀረውን ዱቄት አትጨምሩ፤ ሲቀዘቅዝ ራሱ ይጠነክራል። ላዩን በአንድ የሻይ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ቀብታችሁ ክደኑትና ከ1 እስከ 3 ቀን ከማቀዝቀዣ ውጭ አሳድሩት። ቀን በጨመረ መጠን እርጥበቱ እኩል ይዳረሳል፣ ሲጠበስም ውስጡ ይለሰልሳል።

ለመጥበስ የሎሚ መጠን ያለው ሊጥ ጠቅልላችሁ ቅቤ በተቀባ የሙዝ ቅጠል ወይም ላስቲክ ላይ ዳሙት፤ ውፍረቱ ከግማሽ ሳንቲ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። ዘይቱ 160 ዲግሪ አካባቢ ይሁን፤ ትንሽ ሊጥ ጣል ሲደረግበት ወደ ታች ወርዶ በእርጋታ ይመለሳል። አንድ በአንድ ጥበሱ። በእያንዳንዱ ገጽ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አይበልጥ፤ ጃገሪ በፍጥነት ይጠቁራል። ሲወጣ በሁለት ጠፍጣፋ ጭልፋ መካከል አድርጋችሁ ተጫኑት፤ የጠጣው ዘይት ጠብ ጠብ እያለ ይወርዳል። ይህን የዘለለ ሰው አዲራሰሙ በማግስቱ በዘይት ይርሳል።

የሚበላሸው እንዲህ ነው። ዘይቱ ውስጥ ተበትኖ እንደ አሸዋ ከፈሰሰ ሽሮፑ ኳስ ሳይደርስ ወርዷል። ያስቀራችሁትን እፍኝ ዱቄት ለውሳችሁ አንድ ሰዓት አሳርፉና አንዱን ብቻ ሞክሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ድንጋይ ከሆነ ሽሮፑ አልፏል። ሊጡ ላይ ጥቂት ትኩስ ወተት ረጭታችሁ እሹት፤ የጠበሳችሁት ግን አይመለስም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሁልጊዜ ብቻውን ጥበሱ። በደንብ የወጣ አዲራሰም አየር በማያስገባ ዕቃ ከ10 ቀን በላይ ይቆያል፤ በሁለተኛው ቀን ደግሞ ከመጀመሪያው ይበልጥ ይጣፍጣል።

ማይሶር ፓክ፦ አንድ ምሽትና አራት እጅ ላለው

በማይሶር ቤተ መንግሥት፣ እ.ኤ.አ. ከ1894 እስከ 1940 በነገሠው በአራተኛው ክሪሽናራጃ ዎዲያር ዘመን፣ ካካሱራ ማዳፓ የተባለ የንጉሡ ወጥ ቤት እንደ ፈጠረው ይነገራል። ዘሮቹ ዛሬም በማይሱሩ (የማይሶር የአሁን ስሟ ነው) ዴቫራጃ ገበያ አጠገብ ጉሩ ስዊት ማርት በሚባለው ሱቅ ይሸጡታል። ፓክ ማለት ሽሮፕ ማለት ነው፤ ስሙ ራሱ ሥራው የት ላይ እንደሆነ ይናገራል።

ሁለት ዓይነት ስላለ መጀመሪያ የትኛውን እንደምትሠሩ ወስኑ። አንዱ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ የሞላው፣ ሲነከስ ቀርጨም ብሎ ወዲያው የሚሟሟው ነው። ሌላው ከኮይምባቶር ሱቆች ዝና ያገኘው፣ ቅቤ የጠገበውና ያለ ጥርስ የሚበላው ለስላሳው ነው። ለእኛ የበዓሉ ፓክ ባለ ቀዳዳው ነው፤ ለጎረቤት ሲላክ አይፈርስም፣ ሁለት ሳምንትም ይቆያል። ለስላሳው በሞቃት አገር ከሳጥኑ ቅቤ ያፈስሳል። ጥርሳቸው የደከመ አያት ወይም ትንሽ ልጅ ካለ ግን ለስላሳውን ያለ ማመንታት ሥሩ።

ለባለ ቀዳዳው መጠኑ በአንድ ዓይነት ኩባያ ይሰፈራል፦ 1 ኩባያ የሽምብራ ዱቄት፣ 2 ኩባያ ስኳር፣ 2 ኩባያ ንጥር ቅቤ፣ ሦስት አራተኛ ኩባያ ውኃ። በኩባያ የተሰጠውን ልክ ወደ እኩል ክብደት አትለውጡት፤ የሽምብራ ዱቄት ቀላል ነው፣ በግራም እኩል ያደረገ ሰው ዱቄቱን እጥፍ ያደርገዋል። ወጪ የከበደው ከቅቤው ግማሹን በዘይት ይተካል፤ ቅርጹ ይወጣል፣ ሽታው ግን ይቀንሳል።

ዱቄቱን ሁለት ጊዜ ንፉት። ትሪውን ቅቤ ቀብታችሁ አጠገባችሁ አስቀምጡ፤ በኋላ የምትፈልጉበት ጊዜ የላችሁም። በአንድ ምድጃ ቅቤው በትንሽ እሳት ይጣድ፤ ቁንጥር ዱቄት ሲጣልበት ወዲያው መንጣጣት አለበት። በሌላው ምድጃ፣ ወፈር ባለ ሰፊ ድስት፣ ስኳሩና ውኃው አንድ ክር ይድረሱ። ከዚያ አንዱ ሰው ያማስል፣ ሌላው ዱቄቱን በእፍኝ እያሳነሰ ይበትን። ዱቄቱ አልቆ ሲለሰልስ ያ ሁለተኛው ሰው ትኩሱን ቅቤ በጭልፋ ይጨምር። ድስቱ ሽው ብሎ አረፋ ያነሣል፤ ቅቤው ሲመጠጥ ሌላ ጭልፋ። የሚያማስለው እጅ ለአንድ አፍታም አይቆምም። ብቻችሁን ከሆናችሁ ለስላሳውን ብትሠሩ ይሻላል።

ቀዳዳው የሚመጣው ከዚህ ሽው ከሚል ድምፅ ነው። የጋለው ቅቤ በሽሮፑ ውስጥ ያለውን ውኃ በቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለውጠዋል፣ እንፋሎቱም ሲወጣ መንገዱን ይተዋል፣ ስኳሩ በመንገዱ ዙሪያ ይደርቃል። ቅቤው ለብ ያለ ከሆነ ድምፁ አይሰማም፣ ቀዳዳም የለም፤ የምታገኙት ጥቅጥቅ ያለ ነገር ነው።

የማውጫው ሰዓት ከሁሉ ይከብዳል። ድፍኑ ጅምላ ከድስቱ ግድግዳ ተላቆ እንደ ስፖንጅ ያብጣል፣ የተቆላ ሽምብራ ሽታ ይመጣል፣ የጠጣውን ቅቤ መልሶ በዳር በኩል መትፋት ይጀምራል። ያኔ ወዲያው ትሪው ላይ ገልብጡት። ግማሽ ደቂቃ ቢቀድም እንደ ሐልዋ ይጣበቃል፤ ግማሽ ደቂቃ ቢዘገይ ድስቱ ውስጥ እንዳለ ዱቄት ይሆናል። ላዩን በማንኪያ አትጫኑት፤ የደከማችሁበትን ቀዳዳ ትዘጋላችሁ። ትሪውን በአንድ ጎን ከፍ አድርጋችሁ ትርፉ ቅቤ እንዲወርድ ተዉት፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ባለው ጊዜም ሙቅ ሳለ በቢላ ቁረጡት። ከቀዘቀዘ በኋላ የሚቆረጥ የለም፣ የሚሰበር ብቻ ነው። ሲቆረጥ መካከሉ ከዳርና ዳሩ ጠቆር ብሎ ከታየ ደስ ይበላችሁ፤ መሐሉ ሙቀቱን ይዞ ስለሚቆይ መብሰሉን ቀጥሏል፣ የጥሩ ፓክ ምልክት ነው።

ለስላሳው የሚለየው በአሠራሩ ነው። 1 ኩባያ ዱቄት በትንሽ እሳት ጥሬ ሽታው እስኪለቅ ብቻ አሙቁ፤ ቀለሙ አይለወጥ። ነፍታችሁ በ1 ኩባያ ተኩል ሞቅ ያለ ቅቤ ያለ ጓል በጥብጡት። ይህን ብጥብጥ 1 ኩባያ ተኩል ስኳር ወዳለበት አንድ ክር ሽሮፕ ጨምሩና በትንሽ እሳት አማስሉ። ከድስቱ ተላቆ ገና እያብለጨለጨ ሳለ አውጡት፣ ደልድሉት፣ ሲቀዘቅዝ ቁረጡት።

የተጣበቀ ባለ ቀዳዳ ፓክ ወደ ድስቱ ተመልሶ በትንሽ እሳት ሁለት ሦስት ደቂቃ ቢማሰል ይጠነክራል፤ ቀዳዳ ግን አያወጣም። ዱቄት የሆነውን በትንሽ ትኩስ ወተት ለውሳችሁ ሞቅ እያለ እንደ ላዱ አድቦልቡላችሁ ጠቅልሉት፣ በሁለት ቀንም ብሉት።

ባዱሻ፦ ትዕግሥት ላለው፣ ጥበብ ግን ለጎደለው

ባዱሻ በመካከሉ የአውራ ጣት ጎድጓድ ያለበት ክብ ጥብስ ነው፤ ተቀርፎ ሲታይ ውስጡ ንብርብር ነው። ሽሮፑ ግማሽ ክር ብቻ ስለሚፈልግ ለጀማሪ ምቹ ነው፤ ፈተናው ዘይቱ ላይ ነው። 250 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ 60 ግራም የረጋ ቅቤ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ሶዳ፣ ቁንጥር ጨው በጣት ጫፍ አሹ፤ ከ60 እስከ 80 ሚሊ ሊትር እርጎ ጨምራችሁ ሰብስቡት። እንደ ዳቦ ሊጥ አትለውሱት፤ የተለወሰው ይጠነክራል፣ ንብርብሩም ይጠፋል። ግማሽ ሰዓት አሳርፋችሁ በሎሚ መጠን ጠቅልሉና መካከሉን ጫን በሉት።

ዘይቱ ለብ ሲል፣ 120 ዲግሪ አካባቢ፣ ጨምራችሁ ራሳቸው እስኪንሳፈፉ አትንኳቸው። ከዚያ በትንሽ እሳት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ። የቸኮለ ሰው ውጩ ቀይ፣ መሐሉ ጥሬ ሊጥ የሆነ ባዱሻ ያወጣል። 300 ግራም ስኳር በ180 ሚሊ ሊትር ውኃ ሲያጣብቅ ጥቂት የሎሚ ጠብታ ጨምሩ፤ ሎሚው ሽሮፑ መልሶ ስኳር እንዳይሆን ይከላከላል። ትኩሱን ባዱሻ ሞቅ ባለው ሽሮፕ ውስጥ ሦስት ደቂቃ ነክራችሁ አውጡ። አምስት ቀን ያህል ይቆያል።

ራቫ ላዱ፦ ዋዜማው ለመሸበት

ሽሮፕ የለውም፣ ጥብስ የለውም፣ በ40 ደቂቃ ያልቃል። 1 ኩባያ ደቃቅ ሰሞሊና በ2 የሾርባ ማንኪያ ቅቤ በትንሽ እሳት ሽታው እስኪመጣ ቁሉት፤ ነጭነቱን አይልቀቅ። ሦስት አራተኛ ኩባያ ስኳር ከአራት ሄል ጋር ፈጭታችሁ ቀላቅሉ፣ በቅቤ የተጠበሰ ካሹና ዘቢብ ጨምሩ፣ ሌላ 2 የሾርባ ማንኪያ ትኩስ ቅቤ አፍስሱበት። ሞቅ ሳለ በመዳፍ ጨብጣችሁ ጠቅልሉ። ካልተያያዘ ትኩስ ወተት በሻይ ማንኪያ እየለካችሁ ርጩ እንጂ አታፍስሱ፤ ወተት ያልገባበት ላዱ 10 ቀን ሲቆይ ወተት የገባበት በሦስት ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት። ሳይያያዝ በቀዘቀዘ ጊዜ ድስቱን በትንሽ እሳት መልሳችሁ አሙቁት እንጂ ወተቱን አትጨምሩ።

በዓሉ ነገ ማለዳ ከሆነና ሰዓቱ ከምሽቱ ሦስት ካለፈ ይህንኑ ሥሩ። ሁለት ቀን ካላችሁና አንድ ረዳት ካገኛችሁ ባለ ቀዳዳውን ፓክ ምረጡ፤ ሦስት ቀንና ጃገሪ ካላችሁ ደግሞ አዲራሰሙን ዛሬውኑ ዘፍዝፉት። ሁለት ዓይነት ለማቅረብ የሚፈልግ አዲራሰምን ከራቫ ላዱ ጋር ያጣምር፤ የአዲራሰሙ ሊጥ ሲያድር ላዱው ይሠራል። ፓክና ባዱሻን በአንድ ምሽት አትደርቡ፤ ሁለቱም ምድጃውን ይይዛሉ። ለአምልኮ የሚቀርበውን ግን ከየዓይነቱ ገና እንደ ወጣ በንጹሕ ሳህን ለይታችሁ ክደኑት፤ ለጎረቤት የሚላከው ከዚያ በኋላ ይቆጠራል።